ከዘራው ለማን ይደርሳል?

ፐርዝ፣ አውስትራሊያ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1997

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለሮስቪታ፣

ይህ ወረቀት የቤቱን ሰው ሁሉ በጤና፣ ምድጃውን በሙቀት፣ የአባባንም ጉልበት በመጠኑ በሰላም ያግኝልኝ። እኔ ከዝንቡና ከግለቱ በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ።

ለገና የላክሽልኝ ፎቶ ደርሶኛል። የአምናው የቤታችን የሜይ አንድ ጉዞ ነው፤ ከጫካው ጎጆ ደጃፍ ሁላችሁም እስከ ጉልበታችሁ በጭቃ ተለውሳችሁ ትስቃላችሁ። አባባ መሃል ላይ ከዘራውን ይዞ ቆሟል። ከጎኑ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እቆምበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ባልሽ ኦይገን ጥርሱን ገልጦ ይታያል፤ የአባባም እጅ ትከሻው ላይ ነው። ኦይገንን እንደምወደው ታውቂያለሽ። ግን እዚያ ቦታ ላይ ቁም ያለው ማነው? ቀንቶ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ፎቶውን መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት ፀሐይ እንዳያደበዝዘው ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አባባ ደረጃውን ወደኋላ ዞሮ መውረድ ጀምሯል ብለሽ ጽፈሻል። እንግዲህ ዘንድሮ ካልሆነም በሚቀጥለው ዓመት መሪነቱን ለሌላ ይለቃል ማለት ነው። በቤታችን ወግ ፊት የሚመራ ሰው ከዘራውን ይይዛል፣ ከዘራውም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው በሜይ አንድ፣ ጎጆው ደጃፍ ላይ ብቻ ነው። አያታችን ለአባባ የሰጠው እንደዚያ ነበር። አባባ ደግሞ በልጅነቴ እዚያው ደጃፍ ላይ «ይሄ አንድ ቀን ያንተ ነው» ብሎኛል፤ አንቺም አጠገቤ ቆመሽ ሰምተሻል። ስለዚህ እስክመጣ ድረስ ለማንም እንዳይሰጥ አደራ። በተለይ ለኦይገን።

ሌላው ወሬ፣ ልጄ ስቬንያ ትምህርቷን ስለጨረሰች በማርች መጨረሻ ወደ እናንተ ትመጣለች፤ እስከ ሜይ አጋማሽ አብራችሁ ትሆናለች። ብስክሌቷን በካርቶን አሽጋ ይዛ ነው የምትመጣው። የጫካ ብስክሌት ነው። ለአባባ ቀስ ብለሽ ንገሪው።

የሁልጊዜ ወንድምሽ
ፎልከር


ቡኸንሆፍ
ማርች 2 ቀን 1997

ለወንድሜ ለፎልከር፣

ጌታ ባለህበት አገር ጥላውን ያብዛልህ። እኛ ዘንድ ጥላ ሞልቷል፣ የጎደለን ፀሐይ ነው። አባባ ደህና ነው፣ ኦይገን ወገቡን ይዞት እንደ ሽማግሌ ይራመዳል፣ እኔም አለሁ።

ኦይገንን እዚያ ያቆመው ሰው የለም። ቦታው ባዶ ስለነበረ ቆመ፣ በቃ። በነገራችን ላይ እኔ በዚያ ፎቶ ውስጥ የለሁም፤ ያነሳሁት እኔ ነኝና። አንተ ግን ስለ አባባ እጅና ስለ ኦይገን ጥርስ አንድ ገጽ ስትጽፍ ይህን አላስተዋልክም።

ብስክሌቱን ለአባባ ቀስ ብለሽ ንገሪው ትለኛለህ። መንግሥት ስፋቱ ሁለት ሜትር ባልሞላ የጫካ መንገድ ላይ ብስክሌት እንዳይነዳ ብሎ ሕግ ካወጣ ወዲህ አባባ ልጅነቱ ተመልሶለታል። ያን ሲዘረጋ ልክ ሁለት ሜትር የሚሞላውን የእንጨት ታጣፊ ሜትሩን ኋላ ኪሱ ሻጥ አድርጎ እሁድ እሁድ ጫካ ይገባል። የብስክሌት ደወል የሰማ እንደሆን ሜትሩን ዘርግቶ መንገዱ መሃል ይቆማል። ባለፈው እሁድ አንዱን ጎረምሳ አስቁሞ፣

«ውረድ! ይሄ መንገድ አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው» አለው።

«አባት፣ ዛፉን ጨምረው ቢለኩትስ?»

«ዛፍ ላይ ትነዳለህ እንዴ?»

ልጁ ወረደ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ። አባባ የዚያን ዕለት ሾርባውን ሁለቴ አስጨመረ። እንደምታውቀው እሱ ቤት ምስጋናም ደስታም የሚታወቀው በጭልፋ ነው።

የጎጆው መንገድ ላይ ያለው ረግረግ ዘንድሮም እዚያው አለ። እኔም እንደ ወትሮዬ «በዳር! በዳር!» እያልኩ ሁሉንም በዳር በዳር አስኬዳቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ከጉዞው በኋላ የሁሉንም ጫማ የማጥበው እኔ ነኝ። ድንች ሰላጣውን የምሠራው፣ ዳቦውን የምጎነጉነው፣ የአክስት ማቲልደን ክኒን የምይዘው፣ ከመጨረሻ ሆኜ የወደቀ ኮፍያና የተረሳ ጃንጥላ የምለቅመውም እኔ ነኝ።

ከዘራው ምድጃው አጠገብ ተሰቅሏል። አባባ እስካሁን የማንንም ስም አልጠራም። እኔንም የጠየቀኝ የለም።

ቸር ያሰማን።
ሮስቪታ


ፐርዝ
ማርች 16 ቀን 1997

ለእህቴ ለሮስቪታ፣

ለአባባና ለኦይገን ወገብ ምሕረቱን ያውርድልን። ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ስለ ፎቶው ያልሽው ልክ ነው፣ ይቅር በይኝ።

ግን «እኔንም የጠየቀኝ የለም» ስትዪ ምን ማለትሽ ነው? ደጋግሜ አነበብኩት፣ አልገባኝም። ወይም ገብቶኛል፣ ግን ተሳስቼ ይሆናል።

በስቬንያ እጅ አንዲት የቆርቆሮ ምልክት ልኬያለሁ፤ ጥቁር ዝይ የሚመስል ወፍ አለባት፣ የከተማችን ወፍ ናት። አባባ እንደሌሎቹ ምልክቶች ከዘራው ላይ በሚስማር ይምታልኝ። አያታችን የወጣበትን ተራራ ሁሉ፣ አባባም የደረሰበትን አገር ሁሉ መትተውበታል። የእኔም አገር ትግባ። ቦታ እንዳይጠፋ ቶሎ ቢሆን ጥሩ ነው።

ፎልከር


ቡኸንሆፍ
ኤፕሪል 20 ቀን 1997

ለወንድሜ፣

አምላክ የልጅህን መንገድ አቃንቶ በሰላም አድርሷታል። ቆንጆ፣ ጤነኛ፣ የበላችበትን ሳህን የምታነሳ ልጅ ናት። ይህን ያህል ካመሰገንኩ በኋላ የልቤን እናገራለሁ።

ካርቶኑ እንደተከፈተ ጉድ ይፈላል ብዬ በር ላይ ቆሜ ነበር። አባባ ጎማውን አየና፣

«ይሄ ምንድን ነው? እኔ ቤት?» አለ።

«ብስክሌቴ ነው፣ አያቴ» አለችው። «መንገዱን በሜትር የምትለካው አያት አንተ ነህ አይደል? በል እኔንም ለካኝ።»

አባባ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፣ ከተረከዟ እስከ አናቷ ለካትና፣

«አንድ ከሰባ ስምንት። ሁለት አትሞይም። እንግዲህ ባንቺም ላይ ብስክሌት አይነዳም» አላት።

ከዚያ ሳቁ። አባባ እስኪያስለው፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ ከእሱ ጋር በአንድ ጣራ ስር አርጅቻለሁ፣ እማማ ከሞተች ወዲህ ጥፍሩን ሳይቀር የምቆርጥለት እኔ ነኝ። አንድም ቀን እንደዚያ አሳቄው አላውቅም። ለክቶኝም አያውቅም።

ይኸው አሁን ብስክሌተኛ ሲያባርር የከረመው ሰው ጓሮ ተቀምጦ የብስክሌት ሰንሰለት ዘይት ይቀባል። የላክኻትን ምልክትም በማግስቱ መታት። እኔና ኦይገን ለጫጉላ ቦደንዜ ሐይቅ ሄደን ያመጣኋት ምልክት ትዝ ትልሃለች? «ከዘራው ሞልቷል» ብሎ መለሰልኝ፤ እስካሁን የመርፌ ሣጥኔ ውስጥ ናት። ለካስ ለጥቁር ዝይ ቦታ ነበር።

ምን ማለትሽ ነው ብለህ ጠይቀኸኛል። ይህን ማለቴ ነው፤ ከዘራውን እፈልገዋለሁ። እኔ ለራሴ። አንድ ቀን እንኳ ከመጨረሻ ሳይሆን ከፊት መሄድ እፈልጋለሁ። ቅናት ነው ካልክ ቅናት ነው። አንጀቴን እየበላኝ ነውና ስሙ ምንም ቢሆን ግድ የለኝም።

እህትህ
ሮስቪታ


ፐርዝ
ኤፕሪል 29 ቀን 1997

ለሮስቪታ፣

ሰላም ለቤቱ ይሁን።

ደብዳቤሽን ዛሬ አገኘሁ፣ ዛሬውኑ እመልሳለሁ፤ ማደር አልቻልኩም። አንቺ ጫካው አለሽ። አባባ አለሽ። የእማማ መቃብር፣ የቤቱ ቁልፍ፣ ጭቃው ሳይቀር አለሽ። እዚህ እኮ ጭቃ የለም! አሸዋ ነው፤ ጫማህን ታራግፋለህ፣ ምንም እንዳልሄድክ ትሆናለህ። እናንተ ከነገ ወዲያ ዳቦ ይዛችሁ ጫካ ስትገቡ እኔ ቢሮ ተቀምጬ ሰዓት እቆጥራለሁ። ከዚያ ሁሉ ለእኔ የቀረኝ አንድ እንጨት ነው። እሱንም ልትወስጂብኝ ነው?

ደግሞስ ከዘራውን ሴት ይዛው ታውቃለች? አልልም ብዬ ነበር፣ አልኩት።

ልጄ ደብዳቤ አትጽፍልኝም። ስትደውል «አክስቴ እንዲህ አለች፣ አያቴ እንዲህ ሳቀ» ብቻ ነው ወሬዋ። አባቴ ከእኔ ጋር ያልሳቀውን ከእሷ ጋር ሲስቅ፣ አንቺ ብቻ የተቃጠልሽ አይምሰልሽ።

ፎልከር


ቡኸንሆፍ
ሜይ 4 ቀን 1997

ለወንድሜ ለፎልከር፣

ጤና ይስጥልኝ። ላለፈው ደብዳቤዬ መልስህ ገና አልደረሰኝም፤ አሁን ቢደርስም ባይደርስም ለውጥ የለውም። የጫካውን ወሬ በሙሉ ትፈልግ የለ? ያውልህ።

ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ ሜይ አንድ ጠዋት ቆመ። ጫካው አዲስ ቅጠል አውጥቶ አረንጓዴ ብርሃን ሆኗል፣ መሬቱ ግን ሊጥ ነው። አባባ ከዘራውን ይዞ ፊት ፊት፣ ሜትሩ ኪሱ ውስጥ። ቀጥሎ አክስት ማቲልደ፣ በነጭ ጫማ፤ ጭቃ እንዳለ በየዓመቱ እንደ አዲስ ትሰማለች። ከዚያ ኦይገን ወገቡን ይዞ። ጋሪውን፣ ቢራውንና ድስቱን እንደጫነ፣ እኔ ከመጨረሻ እጎትታለሁ። ስቬንያ ከሰፈር ልጆች ጋር በብስክሌት ቀድማ ወጥታ ነበር፤ ከጎጆው ልንገናኝ ተቀጣጥረናል።

ረግረጉ ጋ ስንደርስ እንደ ወትሮዬ «በዳር! በዳር!» አልኩ። ሁሉም ሣሩን እየረገጠ በዳር ሄደ። ይኼኔ ከላይ የደወል ድምፅ መጣ። የአባባ ጆሮ ቆመ። ከዘራውን ለማቲልደ አስይዞ ሜትሩን ቀጭ ቀጭ አድርጎ ዘረጋ።

ሦስት ጎረምሶች፣ ከኋላቸው ልጅህ፣ ከአፍንጫቸው በቀር ጭቃ ያልነካው የላቸውም። ፍሬን ይዘው ቆሙ።

«ሕጉን ታውቃላችሁ?» አላቸው አባባ።

የፊተኛው ሄልሜቱን አወለቀ። «እናውቃለን፣ አባት። ይለኩት፤ ካልሞላ ወርደን እንገፋለን።»

«አያቴ፣ ለእኔ ብለህ እንዳታዳላ» አለች ስቬንያ ከኋላ።

አባባ ጎንበስ ብሎ ሜትሩን ጭቃው ላይ አጋደመው። ሜትሩ አለቀ፣ መንገዱ ግን ቀጠለ። አንስቶ ከዚያኛው ዳር ጀመረ። እንደገና ሜትሩ አለቀ፣ መንገዱም ተረፈ።

«ሜትሩ አጥሮ ይሆናላ» አለች ማቲልደ።

«ሜትር አያጥርም፣ ማቲልደ!»

«እንጨት አይደል? እርጥበት ሲነካው...»

«አንድ ከሰማንያ ነበር» አለ አባባ፤ ለማንም አልነበረም የሚናገረው። «ሕጉ የወጣ ጊዜ በእጄ ለክቼዋለሁ። ማን አሰፋው?»

ስቬንያ ብስክሌቷን ዛፍ አስደግፋ መሬቱን አየች። «አያቴ፣ የጎማው ፈለግ መሃል ለመሃል ነው። ዳር ዳሩን እይ፤ ሣሩ ያለቀው በጫማ ነው።»

ሁሉም ዳሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። አባባም አየኝ። ስንት ጊዜ «በዳር!» ብያለሁ? ጫማ እንዳይቆሽሽ ብዬ በየዓመቱ መንገዱን እኔው ራሴ እያሰፋሁ ለብስክሌት ሕጋዊ አድርጌዋለሁ። ፊቴ ተቃጠለ። ልጅህ ክፋት አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን በዚያች ደቂቃ ያች በካርቶን የመጣች ብስክሌት መንገድ ላይ ጠፍታ ቢሆን ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

አባባ ሜትሩን አጥፎ በንዴት ሲዞር ተረከዙ ከዳው። ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ሊነሳ ሞከረ፣ ጉልበቱ እምቢ አለ። ጎረምሶቹ ሊያነሱት ሮጡ።

«ብስክሌተኛ እንዳይነካኝ!»

ኦይገን ጎንበስ ብሎ እሱም እዚያው ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ጎጆው ሩቅ ነው፣ ቤትም ሩቅ ነው። ቢራውን ከጋሪው አውርጄ ለጎረምሶቹ አሸከምኩ፤ ሳያጉረመርሙ ተቀበሉ፣ አንዱ እንዲያውም ደስ አለው። እኔና ስቬንያ አባባን ብብቱን ይዘን አነሳነውና ጋሪው ላይ አስቀመጥነው፤ የሰላጣ ድስቱን ጭኑ ላይ፣ ከዘራውንም እጁ ላይ።

ዳር ዳሩ ጎማ አይሸከምም፤ ይሰምጣል። መሃሉ ግን ከጭቃው ስር ድንጋይ አለው። እኔ ይህን እስከዚያ ቀን አላውቅም፣ ረግጬው አላውቅማ። መያዣውን በሁለት እጄ ይዤ መሃል ለመሃል ገባሁ። ጭቃው ከቁርጭምጭሚቴ አለፈ፣ ካልሲዬ ውስጥ ገባ። ስቬንያ ብስክሌቷን ለልጆቹ ሰጥታ ከኋላ ትገፋለች። አባባ ከዘራውን እያነሳ «ግራ! ግራ! ሥር አለ!» ይላል። ከኋላችን ማቲልደ፣ ጎንበስ ያለው ባሌ፣ ቢራና ብስክሌት የሚገፉ ሦስት ጎረምሶች። ፎልከር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቴ የሰው ጀርባ አልነበረም። ዛፍና መንገድ ብቻ ነበር። ደክሞኝ ሳለ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ጎጆው ደረስን። እኔ ጭቃዬን ልታጠብ፣ ድስቱንም ልለቅልቅ ከጀርባ ወዳለው ምንጭ ወረድኩ። ስመለስ ከዘራው በስቬንያ እጅ ላይ ነበር። ልጅህ ፊቷ ቀልቶ «አክስቴ፣ አያቴ እኮ...» ማለት ጀመረች። «ዳቦውን ቁረጪ» አልኳት። ማታም ልትነግረኝ መጣች፤ «እኔ ማድቤት ውስጥ የከዘራ ወሬ አይወራም» ብዬ መለስኳት። አባባን አልጠየቅኩትም፣ አልጠይቀውምም።

ያው ላንተ ይዛልህ ልትመጣ ነው፤ ሌላ ለማን ይሆናል? ጎጆው ደጃፍ ላይ ነው የተሰጠው፣ ወጉም አልጎደለም። እንኳን ደስ አለህ።

ሮስቪታ


ፐርዝ
ጁላይ 20 ቀን 1997

ለእህቴ ለሮስቪታ፣

የፈጣሪ ቸርነት አይለያችሁ። ሳልጽፍ ቆየሁ፣ ሥራ በዛብኝ።

ከዘራው ደርሷል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተቆጣጣሪዎቹ የውጭ አገር አፈር አይገባም ብለው ስቬንያን አስቁመው ጭቃውን ከእያንዳንዱ ምልክት ስር በብሩሽ አስለቅቀው አጠቡት። ፏ ብሎ ነው የመጣው። ምንም አይሸትም።

ኤፕሪል ላይ የጻፍኩት ደብዳቤ ደርሶሽ ከሆነ ቀዳደሽ ጣዪው። የጉዞው ፎቶ ካለሽ ላኪልኝ። ስቬንያ ስላንቺ ብዙ ታወራለች። በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ፎልከር


ቡኸንሆፍ
ኦገስት 17 ቀን 1997

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። የኤፕሪሉ ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ አልቀደድኩትም። ፎቶ የለም። ፎቶ አንሺዋ ጋሪ እየጎተተች ነበር።

ፎልከር፣ እኔ አውቅሃለሁ። ልጅ ሆነን የጎረቤት ቼሪ ሰርቀህ በልተህ ስትመጣ መልስህ ልክ እንደዚህች ደብዳቤህ ታጥር ነበር። ከዘራውን አግኝተሃል፣ ጮቤ ትረግጣለህ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ «ምንም አይሸትም» ብለህ ጻፍክልኝ። የሆነ ነገር ይዘሃል።

ኦይገን በዚያ ሰዓት ሣር ላይ ተዘርሮ ወገቡን ይረግማል፣ አልሰማም። ማቲልደ የሰማችውን ሁሉ ገልብጣ ነው የምትነግረኝ። አባባ ደግሞ ያው አባባ ነው። ልጅቷን ሳላስጨርሳት መቅረቴ አሁን ይቆጨኛል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ድስት ባጠብኩ ቁጥር ያች «አያቴ እኮ...» ትመጣብኛለች።

ከእንግዲህ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ፣ ከዘራውን አይደለም። አባባ ሲሰጣት ምን አለ?

ሮስቪታ


ፐርዝ
ዲሴምበር 7 ቀን 1997

ለውድ እህቴ ለሮስቪታ፣

መጪው ገና የምሕረትና የጤና ይሁንላችሁ። ልጽፍ እየተቀመጥኩ ብዙ ጊዜ ተነስቻለሁ። ዛሬ ስቬንያ «አንተ ካልጻፍክ እኔ እጽፋለሁ» ብላ ወረቀቱን ከፊቴ አኑራ ሄደች።

ከዘራውን ሲሰጣት እንዲህ ነው ያላት፤

«እንኪ፣ ይሄን ለአባትሽ ውሰጂለት። ሮስቪታ ሁለቱም እጇ ሥራ ላይ ነው፣ በምን ትይዘዋለች? ከዘራ የሚፈልግ ርቆ የቀረ ሰው ነው።»

ስቬንያም ነገሩ ስላልገባት «ታዲያ በሚቀጥለው ዓመት የሚመራው ማነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ዓይን የለሽም እንዴ? እየመራችን አይደል እንዴ የመጣነው?» አላት። ከዚያ ቢራ ስጡኝ አለ።

ይኸው ነው። በመጣች ዕለት ነገረችኝ። እስከዛሬ ከአንቺ የደበቅሁት ሌላ ምክንያት ኖሮኝ አይደለም፣ ቅናት ነው። ያን ከዘራ ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው ኖሬ፣ በመጨረሻ እጄ ሲገባ ለቀረ ሰው ማጽናኛ ሆኖ መጣልኝ። ዋናውን ነገር ለአንቺ ሰጥቶሻል፣ አንቺ ደግሞ አላወቅሽም። ካላወቅሽ የአንቺ አይደለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ይዤው በባሕር ዳር ስሄድ ሰዎች እግርህን ምን ሆነህ ነው ይሉኛል።

እልክልሻለሁ። ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፤ እሺ በይኝና ልላከው። አንቺ ጋ ቢያንስ ጭቃ ይነካዋል።

የሚቀናብሽ ወንድምሽ
ፎልከር


ቡኸንሆፍ
ሜይ 3 ቀን 1998

ለውድ ወንድሜ ለፎልከር፣

ጌታ ቤትህን ይጠብቅ፣ ልጅህንም ይባርክ፤ ለስቬንያ «አክስትሽ ዳቦ ከማስቆረጧ በፊት ማዳመጥ ነበረባት» በልልኝ። መልሴ የዘገየው ሜይ አንድን ልጠብቅ ብዬ ነው። ቅናትህንም ደጋግሜ አነበብኩት። አልዋሽህም፣ ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት።

ደብዳቤህ የደረሰ ቀን አባባ ምድጃው ጋ ተቀምጦ ነበር። «ያን ዕለት ጎጆው ጋ ስለ እኔ እንዲህ ብለሃል እንዴ?» አልኩት።

«ብያለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን ለእኔ አትነግረኝም?»

«አንቺ እዚያ አልነበርሽም እንዴ? ስትጎትቺ አላየሽም?» አለኝ፤ የምሩን ነው የገረመው። ከዚያ ሾርባ ጨምሪልኝ አለ። እኔ ጭልፋውን እንደያዝኩ አለቀስኩ፣ እሱም ሾርባው በዛ፣ ተይ አለኝ።

በማግስቱ የመርፌ ሣጥኔን ሲበረብር አገኘሁት። የቦደንዜዋን ምልክት አውጥቶ፣ መዶሻ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ከዘራው እዚህ የለም ልለው ስል ጋሪው ላይ ቁጭ ብሎ መያዣው ላይ መታት። አሁን ስጎትት አውራ ጣቴ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

ትናንት በስቲያ ወጣን። ዝናቡም ጭቃውም አልቀረም። አባባ ከመነሻው ጀምሮ ጋሪው ላይ ነበር፣ አልተግደረደረም። ረግረጉ ጋ ስደርስ «በመሃል!» አልኩ። ማቲልደ ነጭ ጫማዋን አይታ እኔን አየችኝ። «በመሃል፣ አክስቴ። ዛሬ ሁሉም የየራሱን ጫማ ነው የሚያጥበው» አልኳት። ገባች። እየጮኸች ገባች። አባባ ጋሪውን አስቁሞ ሜትሩን ዘረጋ፤ በዳሩ ሣር መብቀል ጀምሯል፣ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል። እንዴት እንደተደሰተ! ደወል እስኪሰማ ድረስ እዚያው እንድንጠብቅ ለመነን። እምቢ አልኩት፤ የምመራው እኔ ነኝ።

ዳገቱ ላይ ግን ተያዝን። አምና ስቬንያ ትገፋ ነበር፤ ዘንድሮ ኦይገን በወገቡ ምክንያት አልቻለም፣ ማቲልደን መቼም ታውቃታለህ። እኔ ስጎትት፣ አባባ ከላይ ሆኖ ሲያዝ፣ ጋሪው ወደኋላ ሲንሸራተት ብዙ ቆየን። አባባ ይኼኔ ዞር ብሎ ባዶውን መንገድ አየና «ፎልከር ነበር እዚህ ጋ የሚገፋው» አለ። ልጅ ሳለህ ማለቱ ነው።

ከዘራውን እንዳትልከው። በየትኛው እጄ እይዘዋለሁ? አንተ ግን እጅህ ባዶ ነው፤ የሚመጣው ሜይ አንድ ሳይደርስ ና። ከኋላ የሚገፋ የለንም።

እህትህ
ሮስቪታ